ስታቢላይዘሩና የአያ ታከለ ጉልበት

ጡረታ ወጥቻለሁ ስል ሰዎች ይስቃሉ። «ስደተኛ ደግሞ ምን ጡረታ አለው?» ይሉኛል። ለምን አይኖረኝም? ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ የዕርዳታ እደላ፣ የሰሊጥ አጨዳ ስቀርፅ ነው ጠጉሬ የሸበተው። በየወሩ አበል የሚቆርጥልኝ መንግሥት ስለሌለ ሥራዬ ሥራ አልነበረም ማለት ነው? ኧረ ተዉ እባካችሁ!

ከሳቃቸው ይልቅ የሚያንጨረጭረኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ቪዲዮ መቅረፅ ያማረው ሐበሻ ሁሉ ቤቴ ይመጣና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል። «ዐም ሙሌ፣ ከነዚህ ስታቢላይዘሮች የትኛውን ልግዛ? ርካሹ ይበቃኛል?» ይለኛል። ስታቢላይዘር ማለት ስልክ ወይም ካሜራ የሚታሰርበት፣ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርግ፣ ሞተር ያለው የእጅ መያዣ ነው። ጥያቄው ባልከፋ። ደሜን የሚያፈላው ቀጥሎ የሚሉት ነው፦ «ይሄ ካለኝ ሌላ መማር አያስፈልገኝም አይደል?»

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ይህን ሰምተው ቢሆን ኖሮ በመፋቂያቸው ይጠዘጥዙት ነበር። ዐም ኢድሪስ ይባላሉ፤ ከኤርትራ ተሰደው ኡም ጋርጉር ካምፕ ውስጥ ያረጁ ሰው ነበሩ። «ዐም» እዚህ አገር አጎት እንደማለት ነው፤ ዛሬ እኔንም በዚያው ይጠሩኛል። ትከሻ ላይ የሚሸከሙት፣ ትልልቅ ካሴት የሚጎርስ ካሜራ ነበራቸው። እኔ ያኔ ከጎንደር መጥቼ ገበያው ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ እሸከም ነበር። አንድ ቀን አስቆሙኝና «ጆንያ ይዘህ ስትሄድ ጭንቅላትህ አይነቃነቅም፤ ከኔ ጋር ና» አሉኝ። እንዲህ ነው ሙያ ውስጥ የገባሁት።

ከዐም ኢድሪስ አፍ መፋቂያ አይጠፋም ነበር። ሲቀርፁም ጥርሳቸው መሀል ነክሰው ይይዙትና ጫፉን ባንድ ዓይናቸው ይከታተላሉ። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ምስሉም እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት ነው። የሠርግ ቤት ሲደርሱ ካሜራውን አያወጡም። መጀመሪያ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ያስሩና ጫማቸውን አውልቀው ግቢውን በባዶ እግር ይዞሩታል። የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቅና ቁርጭምጭሚት ይበላል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ነቅሎ ያስቀራል። የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የት ጋ የድንኳን ገመድ እንደተወጠረ በእግራቸው ካላወቁ አይቀርፁም። ዙም የሚባለውንም አይነኩትም። «ሰውየውን ማየት ከፈለግህ ሂድና ቅረበዋ! ምን ታፍራለህ?» ይሉኛል። ጉልበት እጥፍ፣ ክርን ከጎድን ልጥፍ፣ ተረከዝ ቀድሞ ጣት ተከትሎ፤ ትንፋሽ በአፍንጫ። አንድ ክረምት ሙሉ ካሜራ ሳያስነኩ አራምደውኛል። ተናድጄባቸው ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ ወዲህ የበላሁት እንጀራ ሁሉ የዚያ ክረምት ነው።

ስታቢላይዘርን መጀመሪያ ያየሁት ኡም ራኩባ ነው። ካምፑ ለትግራይ ስደተኞች እንደገና የተከፈተ ጊዜ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ለቀረፃ ቀጠረኝ። ከውጭ የመጣ ፈረንጅ ካሜራማን ነበረ፣ አለቃዬ እሱ ሆነ። ልጁ መልካም ነው፤ ማሽኑን ሳያበሩ እንዴት ሚዛኑን እንደሚያስጠብቁት ቁጭ አድርጎ ያሳየኝ እሱ ነው። ግን ምስሉ እንዲያምርለት ውሃ ቀድተው የሚመለሱትን ሴቶች «እስቲ ድገሙት» አለና በኔ አስነገረ። አንዲት እናት ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀምጣ በትግርኛ የተቀላቀለ አማርኛ «ቤቴ ሲቃጠል የቀረፀኝ የለም፤ አሁን ለዚህ ውሃ ሁለቴ ልመላለስልህ?» አለችኝ። እፍረቱ ለኔ ተረፈ። ለፈረንጁ ቃል በቃል ተረጎምሁለትና እሱም ቀላ፤ ከዚያ በኋላ ድገሙ ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ ስለ ርካሽ ስታቢላይዘር ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ ርካሹ ይበቃል። የሚበቃው ግን ለሚያውቅበት ነው። ሱቅ ስትሄዱ የምትቀርፁበትን ስልክ ወይም ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ክብደት ይችላል» የሚለውን አትመኑ። ማሽኑን ሳታበሩ ስልኩን እሰሩበት። ወደፊት አዘንብሉት፣ ወደጎን አዘንብሉት። የተዋችሁበት ቦታ ከቆመ ሚዛኑ ደህና ነው። ከወደቀ ግን ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ከክብደት ጋር ሲታገል ይውላል፤ በገዳሪፍ ሙቀት ደግሞ የሚታገል ሞተር ይግልና ሙሽራው ሊገባ ሲል አንገቱን ይደፋባችኋል። የስልካችሁን ወፍራም ልባስ አውልቁ። ሐቡብ ሲነሳ፣ ያ ቀኑን የሚያጨልመው አቧራ፣ በላስቲክ ጠቅልሉት። በኢንተርኔት ካልተመዘገበ አልሠራም የሚለውን ዓይነት ጭራሽ አትግዙ። ከሁሉ በላይ ይቺን ስሙኝ፦ ማሽኑ የሚያጠፋው መዞርንና ማዘንበልን ነው። ስትራመዱ ከፍ ዝቅ የምትሉትን አያጠፋም፤ እሱን የሚያጠፋው የገዛ ጉልበታችሁ ነው። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም፤ እኔ ግን ስናገር አረጀ ትሉኛላችሁ።

ኡም ራኩባ ሥራው ሲያልቅ ገዳሪፍ ከተማ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። ባለቤቱ ዳኒ የሚባል የኛው አገር ልጅ ነው፤ በስሙ ሲጠሩት ግን አይወድም፣ «ሙዲር» በሉኝ ይላል፣ አለቃ ማለቱ ነው። የሱዳን ጦርነት መጥቶ ኔትወርክ ድርግም ባለበት ሰሞን አንድ አዲስ ስታቢላይዘር አስመጣ። ሲያበሩት «መጀመሪያ በኢንተርኔት አስመዝግቡኝ» አለ። ወይ ጉድ! ኢንተርኔት በሌለበት አገር! ሙዲራችን ማሽኑን ታቅፎ የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ሱቅ ፍለጋ በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ከተማውን ሲያካልል ዋለ። አስመዝግቦ ሲመለስ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልነው። የዚህ ማሽን ትልቁ ሙያ የሰው ፊት መከተል ነው። አንድ ፊት ያሳዩታል፣ ከዚያ ሰውየው ወዴትም ቢሄድ ካሜራው ራሱ እየዞረ ይከተለዋል።

የገነት ሠርግ የደረሰው በዚያ ሰሞን ነው። ገነት የአያ ታከለ ልጅ ናት። አያ ታከለ ከድንበሩ ማዶ የሸኸዲ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዘመን መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር፣ በሰው የሰሊጥ እርሻ ሠራተኛ ሲያሠሩ ኖረዋል። ሚስታቸው እቴ ዝማም ቤቱንና መሬቱን ይዘው ሸኸዲ ቀርተዋል። ድንበሩ ሰላም ሳለ ይመላለሱ ነበር። በዚህም በዚያም ጥይት ሲበዛ መንገዱ ተቆረጠና ገነት እናቷ በሌሉበት ልታገባ ሆነ። በስልክ እየተያዩ ማውራት አይታሰብም፤ ኔትወርኩ በሁለቱም በኩል ሲፈልግ የሚመጣ ነው፣ የድምፅ መልእክት ካለፈም ተመስገን ነው። ስለዚህ እናት ሠርጉን የሚያዩት ከቪዲዮው ብቻ ነበር። ገነት ስቱዲዮ ድረስ መጥታ «ጋሼ ሙሌ፣ አደራ፣ የአባቴን ጉልበት ስስም እናቴ እንድታየው ነው የምፈልገው» አለችኝ።

በነገነት ቤት ወግ ሙሽሪት ስታጎነብስ ጋቢው ይገለጥና ጉልበቱ ራሱ ይሳማል፤ በጨርቅ ላይ መሳም አይቆጠርም። ይህን ስለማውቅ ሙዲሩን አስጠነቀቅሁት። «ልጅቷ ታጎነብሳለች። ስታጎነብስ ፊቷ ይጠፋል። ያንን ፊት ተከታይ ነገርህን አጥፋውና በእጅህ ምራው» አልሁት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዐም ሙሌ» አለኝ እየሳቀ። «ይሄ ማሽን ካንተም ከኔም ይሻላል። አንተ በር ላይ ሆነህ የሚገቡትን እንግዶች ቅረፅ።»

ማሽኑን ራሱ ያዘውና እኔ በር ላይ ተተከልሁ። አያ ታከለ ትንሽ አመም አድርጓቸው ስለነበር ከሁሉ በፊት መጥተው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እኔ አልቀረፅኋቸውም። ከበሩ ሆኜ ምርቃታቸው ይሰማኛል። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ አብራችሁ አርጁ» ሲሉ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልሁ፣ ምን አውቄ!

ቪዲዮው ከተላከ በኋላ ነው ያየሁት። ዳኒ አንዴ እንኳ ሳያየው በሜሞሪ ገልብጦ ለሎሪ ሹፌር ሰጥቶታል። ምን ሆኖ ነበር መሰላችሁ? ማሽኑ የሙሽሪትን ፊት እየተከተለ ይመጣል፤ እሷ ጎንበስ ትላለች፤ ፊቷ ይጠፋዋል። ያኔ ግራ ይጋባና ሌላ ፊት ሲፈልግ አያ ታከለ አጠገብ የተቀመጠውን ጥምጣማም የሰሊጥ ነጋዴ ያገኛል። አያ ታከለ ራሳቸው ለመመረቅ ወደ ልጃቸው አቀርቅረዋል፣ ለማሽኑ ፊት የላቸውም። ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው ነጋዴው ላይ ነው። ነጋዴው ሥጋ ያኝካል። የአባት ምርቃት ይሰማል፣ ሰውየው ያኝካል፤ ጥርሱን በጥፍሩ ይጎረጉራል። ምስሉ ደግሞ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም! በቀረው ቪዲዮ ካሜራው ከሙሽሪት ፊት ስለማይለይ ከአያ ታከለ የሚታየው የትከሻቸውና የጋቢያቸው ጥለት ብቻ ነው። ዳኒን ጠርቼ አሳየሁት።

«ማዓለሽ፣ ይሁን እንግዲህ» አለኝ ዳኒ። «ዘፈን እናደርግበታለን፣ ያልፋል።»

«በአባት ምርቃት ላይ ዘፈን? አንተ ሰው ነህ?» ብዬ ጮህሁበት። የያዝሁትን የስቱዲዮ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስቱዲዮውን በእግሬ አልረገጥሁትም።

በሳምንቱ ገነት ቤቴ መጣች። በሙሽርነቷ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። የእናቷን ድምፅ ከስልኳ ከፍታ አሰማችኝ። እቴ ዝማም እንዲህ ይላሉ፦ «ይሄ የሚያኝከው ሰውዬ ማነው? ታከለ የት አለ? ድምፁን ከድሮ ቀርፃችሁ ነው ያስገባችሁት። ታከለ ሞቶ መርዶ ነው የደበቃችሁኝ። እንግዲያው እኔም ጠጉሬን እላጫለሁ፣ ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

አገራችን ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመድ ይደበቃል፤ ሴትየዋ ምን ያድርጉ? ድምፅ ያለ ፊት ሲመጣባቸው ሌላ ምን ያስቡ? ባላቸው ቁጭ ብለው በሕይወት እያሉ ሴትየዋ ከል ሊለብሱ ነው፤ ያውም በማሽን ምክንያት!

«እናትሽ አባትሽን ያያሉ» አልኋት። «እኔ እሄዳለሁ።»

ካሜራ የለኝም፣ ስልኬ ግን ደህና ነው። ገበያ ወርጄ ለስልክ የሚሆን ተራ ስታቢላይዘር መረጥሁ። ያገለገለ ነው፤ ፊት መከተልም ምዝገባም የማያውቅ፣ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ብቻ። ሳላበራው ስልኬን አሰርሁበት፣ አዘነበልሁት፣ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ፣ እየተራመድሁ ከሱቁ ወጥቼ ገባሁ። ሱዳናዊው ባለሱቅ ሰልችቶት «ዐም፣ ልትገዛት ነው ልታገባት?» አለኝ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሳቁ። ይሳቁ!

መፋዛ ደርሼ አያ ታከለን አየኋቸው። ግቢያቸው ውስጥ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ላይ፣ አንገረብ በሚሉት፣ ተቀምጠዋል። ገነት ነጭ ጋቢ ከአንገታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አልብሳቸዋለች። እኔ ለወግ ነው ብዬ አሰብሁ። ግቢውን በባዶ እግሬ ዞርሁት፤ አልጋው አጠገብ ስንጥቅ ስለነበረ አፈር አስደፈንሁ።

«ምርቃቱን ልድገመው?» አሉኝ አያ ታከለ። «ለልጅ ምርቃት ይበዛል ያለ ማነው! ይልቅ ዝማምን ነው የምፈልጋት። እኔን ገድላ ጠጉሯን ልትላጭ ነው አሉ?»

«አሉ እንጂ!»

«እስቲ አምጣው ያንን ስልክ!» ብለው ቀና አሉ። እኔም ከበሩ ጀምሬ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ቀረብሁ። ፊታቸውን እቴ ዝማም እስኪጠግቡት አሳየሁ። «ዝማም፣ አለሁ፤ ተይ አትላጪ» አሉ ስልኩን እያዩ። ከዚያ ገነት ተንበረከከች። እኔ አብሬያት ወረድሁ። ጋቢውን በልማድ ገለጥ አደረገች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ እጃቸው ራሷ ላይ ሲያርፍ ይዤ ቆየሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ የረጋ ነገር ቀርፄ አላውቅም። ገነት መጀመሪያውን አይታ «አባቴ ታየ!» ብላ በደስታ አቀፈችኝና ወደ ድንበር ለሚሄድ ሹፌር ሜሞሪውን ሰጠችው፤ ሊነሳ ሞተር አስነስቶ ነበር፣ መጨረሻውን አላየችውም።

ጥቂት ቀናት ቆይታ ቤቴ ድረስ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣችብኝ።

«ማን ጉልበቱን አቅርበህ አንሳ አለህ?» ብላ ጮኸች። «አጋለጥኸን እኮ!»

የእናቷን መልስ ከፈተችልኝ። «በሕይወት አለ፣ ተመስገን። ግን ያ እግር ምንድነው? እንስራ አክሏል እኮ! እንዲህ ያበጠ እግር ይዞ ነው ሰሊጥ ያሳጭዳል ያላችሁኝ? ከእንግዲህ ምንም እንዳትልኩልኝ።»

ለካስ አያ ታከለ ኩላሊታቸውን ታመው ከርመዋል። ሁሉም ተማምሎ ከእቴ ዝማም ደብቋል። ጋቢውን እስከ ቁርጭምጭሚት ያለበሰቻቸው ለዚያ ነው። ጉልበት መሳም ሲመጣ ግን መደበቁ ተረሳ፤ እጇ የለመደውን አደረገ።

«ጋቢውን የገለጥሽው አንቺ! ሕመማቸው እንዲህ መሆኑን ለኔ ያልነገርሽኝ አንቺ!» አልኋት። «እኔ ያየሁትን ነው የቀረፅሁት። ሚስት ናቸው፣ የባላቸውን እግር ማወቅ አይገባቸውም?»

«በዚህ መንገድ ተነስታ ብትመጣስ? መንገድ ላይ ብትሞትስ?» አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከገላባት፣ ከድንበሩ ከተማ፣ የሚመጣ ሎሪ ባየሁ ቁጥር ሹፌሩን እያስቆምሁ ስለ እቴ ዝማም እጠይቅ ነበር።

እቴ ዝማም መጡ። ለአጨዳ ከሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች ጋር ተቀላቅለው፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በሎሪ፣ መፋዛ ገቡ። ገነት ደውላ «ጋሼ፣ እናቴ ገብታለች! ቶሎ ና፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቅረፅልኝ» አለችኝ። ቁጣዋ ሁሉ በኖ ጠፍቷል። ስታቢላይዘሬን ይዤ በረርሁ።

ስደርስ አንገረቡ ላይ አገኘኋቸው። አያ ታከለ ተንጋለዋል። እቴ ዝማም የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፉ ያንን ያበጠ እግር ጭናቸው ላይ አድርገው በሰሊጥ ዘይት ያሹታል። ከመድከም አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፊታቸው ግን ፈታ ብሏል። ስልኩን አስተካክዬ አብርቼ ቀስ ብዬ ቀረብሁ። እቴ ዝማም ቀና ብለው አዩኝ።

«ያንን የቀረፅኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም።

«ታዲያ አሁን ለማን ነው የምትቀርፀው?» አሉኝ። «የሚያየው ሰው እኔ ነበርሁ። እኔ እዚህ ነኝ እኮ።»

ቆጣ ብለው ነው ያሉት። ማሽኑን አጠፋሁት።

«በል ና» አሉኝ ዘይቱን መዳፋቸው ላይ እየጨመሩ፤ «ያንን ሁለተኛውን እግር ደግፍልኝ። እንዳይነቃነቅበት፣ ያመዋል።»

ስልኬን ከነስታቢላይዘሩ መሬት ላይ አስቀምጬ የአያ ታከለን እግር በሁለት እጄ ያዝሁ።